«አይቸኩሉ» የሚል ደብዳቤ

«ኧረ ምንም አያስቸኩልም ወይዘሮ ትሪንደር፤ ገና አንድ ዓመት ሙሉ በእጃችን አለ» እያለ ጀራልድ በስልክ ያወራል። የተቀመጠው በሞይራ ወጥ ቤት፣ በሞይራ ወንበር ላይ ነው፤ ቅቤ የሚቀባውም ሞይራ የጠበሰችለትን ዳቦ ነው። «የሎንዶኑ ሐኪም ዛሬ ያይዎታል። የሕክምና ማስረጃውን በወር፣ ቢበዛ በሁለት ወር ይልክልናል። ከዚያ ተረጋግተን ክሱን እንከፍታለን። ሕጉ የሚሰጠን ሦስት ዓመት ነው፤ ከወደቁ ደግሞ ዛሬ ገና ሁለት ዓመትዎ። እንዲያውም እንኳን አደረስዎ!» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ፤ ከወዲያ በኩልም የአሮጊት ሳቅ ተሰማ።

ሞይራ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንዳንጠለጠለች ቆማ ቀረች። ትሪንደር የሚባል ሰው በየመንገዱ አይገኝም። ይህን ስም ትናንት ከቢሮ ከመውጣቷ በፊት በዛሬው ቀን ሥር አይታዋለች፤ የጻፈችውም ራሷ ናት። «ዶሪን ትሪንደር፣ ከአውሮፕላን ደረጃ መውደቅ፣ ማርች 14» ይላል፤ ቀጥሎ በቀይ «ዛሬ ያበቃል» ይላል።

ሞይራ ጠበቃ አይደለችም። ሎንዶን ውስጥ ፌንቸርች ጎዳና ላይ በሚገኝ አንድ የጥብቅና ቢሮ ሃያ ሦስት ዓመት የሠራች የመዝገብ ሠራተኛ ናት። ቢሮው የሚቆመው ለአየር መንገዶች ኢንሹራንሶች ነው፤ መንገደኛ ወደቅሁ፣ ሻይ ፈሰሰብኝ፣ ሻንጣ ራሴ ላይ ወረደብኝ ብሎ ካሳ ሲጠይቅ «አይገባህም» ወይም «ይህን ያህል አይገባህም» የሚለው ወገን ማለት ነው። የሞይራ ሥራ ቀን መጠበቅ ነው። በዚያ አገር ሰው በአውቶቡስ ደረጃ፣ በገበያ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቢወድቅ የሚከስበት ሦስት ዓመት አለው፤ ይህን የማያውቅ ጠበቃ የለም። ከውጭ አገር ከመጣ አውሮፕላን ሲወርድ ከወደቀ ግን ነገሩ የሚዳኘው አገሮች በተፈራረሙት ውል ነው፤ ውሉ ደግሞ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፣ አውሮፕላኑ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ። ሁለቱ ዓመት ካለፈ መብቱ ራሱ ይሞታል፤ ዳኛው አዝኖ ቢያለቅስ እንኳ አያስነሳውም። ፌንቸርች ጎዳና ላይ ይህን የጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። በቤት ሽያጭና በኑዛዜ የሚተዳደሩ የትንንሽ ከተማ ጠበቆች ግን የአውሮፕላን ጉዳይ በሥራ ዘመናቸው አንዴ ወይ ሁለቴ ቢገጥማቸው ነው፤ ስለዚህ እንደ ለመዱት ሦስት ብለው ይቆጥራሉ። ጀራልድ፣ ግሪምስቢ በምትባለው የወደብ ከተማ ሠላሳ አምስት ዓመት የቤት ውልና ኑዛዜ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ጀራልድ የሞይራ ታላቅ እህት የሼይላ ባል ነው። ሼይላ ከሞተች አራት ዓመት አለፋት። እሱ ግን ለሥራ ሎንዶን ሲመጣ ዛሬም የሚያድረው ሌይተን ባለችው የሞይራ ባለ አንድ መኝታ ቤት፣ ሲዘረጋ አልጋ በሚሆነው ሶፋ ላይ ነው፤ ሆቴል ለአንድ ሌሊት መቶ ሠላሳ ፓውንድ ነው፣ ሞይራ ዘንድ ደግሞ ቁርስም አለ። ሁለት ነገር አያነሱም። አንዱ ሼይላ ናት። ሌላው ሥራ ነው። ሥራን የከለከለችው ራሷ ሼይላ ናት፤ በአንድ የገና ምሳ ላይ እሱ ለተጎዳው፣ ሞይራ ለኢንሹራንሱ ቆመው ድምፃቸው ከፍ እያለ ሲሄድ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ገበታ ላይ የሥራ ነገር ያነሳ ሳህን ያጥባል» ብላ ደነገገች። ድንጋጌው እሷ ከሞተችም በኋላ ጸና። ስለዚህ ጀራልድ፣ ሞይራ አንድ የአውሮፕላን ጉዳይ የሚይዝ ቢሮ ውስጥ እንደምትሠራ እንጂ ለየትኛው ኢንሹራንስ እንደምትሠራ በውል አያውቅም። በወይዘሮ ትሪንደር ጉዳይ የሚጻጻፈውም ከኢንሹራንሱ ሠራተኛ ጋር ይመስለዋል፤ ደብዳቤዎቹ የሚመጡለት በኢንሹራንሱ ወረቀት ነውና። ከሞይራ ጠረጴዛ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ እንደሚረቀቁ የነገረው የለም።

ስልኩን ዘግቶ «ወርቅ የሆኑ ሴትዮ ናቸው» አለ። «ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ ያበሰሉ። ከስፔን ሲመጡ በዝናብ ከደረጃው ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ሁለቴ ኦፕራሲዮን ሆኑ። ኢንሹራንሶቹ ደግሞ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ እንዲህ ያሉ ጨዋ ሰዎች ገጥመውኝ አያውቁም። አይቸኩሉ፣ ሐኪሙ በደንብ ይያቸው እያሉ…»

«ስለ ሥራ አናወራም» አለች ሞይራ።

ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ገረማት። ጀራልድ ሁለት እጁን አነሳና «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳህኑን አጥባለሁ» አለ፤ እጅጌውን ሰብስቦም ማጠብ ጀመረ። ሞይራ ከኋላው ቆማ አየችው። የሸሚዙ አንገትጌ ጠርዙ አልቋል፤ ራሱ ስለሚተኩሰው አንዱ ወገን ሁልጊዜ ሳይቃና ይቀራል። «ሁለት ዓመት ነው፤ ዛሬ ያልቃል» ቢባል ያው አምስት ቃል ነው። ለአምስት ቃል ትንፋሽ አያጥርም። ግን የቢሮው ደንበኛ ጉዳይ ከቢሮው በር እንዳይወጣ ብላ ፈርማለች፤ በዚያ ፊርማ ሃያ ሦስት ዓመት የቤት ኪራይ ከፍላበታለች፤ ሠርግ ላይ ሰክራ እንኳ አፏ አምልጧት አያውቅም። ሻዩን ቀዳችለትና «ወተት ትጨምራለህ?» አለችው። ጀራልድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በወተት ነው የሚጠጣው። ዞር ብሎ አያትና «ዛሬ ደህና አላደርሽም እንዴ?» አለ።

ባቡሩ እንደ ወትሮው ሰው በሰው ላይ ነበር። ሞይራ የማታውቀውን ሰውዬ ብብት እያየች ቆማ አሰበች። ሕጉ ራሱ ምስጢር አይደለም፤ ማንም መጽሐፍ ከፍቶ ያገኘዋል። ምስጢሩ እነሱ ቀኑን እያወቁ ዝም ማለታቸው ነው። እሷ ዛሬ ለጀራልድ ብትነግረው ሕግ አስተማረችው አይባልም፤ ደመወዝ የሚከፍላትን ሰው አሳልፋ ሰጠች ነው የሚባለው። ይኼ ደግሞ እሷም ብትሆን በሌላ ሰው ላይ የምትፈርደው ፍርድ ነው። ከባቡር እስክትወርድ ሦስቴ ሐሳቧን ቀየረች።

ቢሮው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ የሚያሳየው የሌላ ኢንሹራንስ ቢሮ መስኮት ብቻ ነው። የሞይራ ጠረጴዛ ከጠበቃው ከፍራንሲስ ሎውዘር ክፍል በር አጠገብ ነው። ቀን ስለምትጠብቅ ቢሮ ውስጥ «ወይዘሮ ካላንደር» ይሏታል፤ እሷም ስሙን ለምዳው በገና ካርዳቸው ላይ በዚያው ትፈርምላቸዋለች። ኮምፒውተሯን ስትከፍት የመጀመሪያው መስመር ያው ነው፤ ትሪንደር። ከዚህ በፊት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ፋይሉን ከፍታ ደብዳቤዎቹን አነበበች። ሦስት ናቸው። በሦስቱም ላይ «ጀራልድ ፎስዳይክ» የሚል የጠበቃ ስም አለ፤ እሷ ቀን እንጂ የጠበቃ ስም መዝግባ አታውቅም፣ እስከ ዛሬም ያላየችው ለዚህ ነው። «ደንበኛዎ በሚገባ እንዲታከሙና ማስረጃው በጥሞና እንዲዘጋጅ እንመኛለን። እባክዎ በእኛ ምክንያት አይቸኩሉ» ይላል የመጨረሻው። ሎውዘር የጻፈው ነው። አዲስ ለሚቀጠሩ ጠበቆች ሁልጊዜ «ውሸት እንዳትጽፉ» ይላቸዋል፤ «ጨዋ ሁኑ፣ የቀረውን ጊዜ ይሠራዋል።» እውነትም በሦስቱ ደብዳቤዎች ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ፤ ሞይራ ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ብላ አንብባው አታውቅም ነበር።

ደግሞ ኬኩ አለ። አንድ የካሳ ጥያቄ ሁለት ዓመቱ ሲያልፍበት፣ በማግስቱ ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ ለመላው ፎቅ ኬክ ይገዛል። ማን እንደ ጀመረው የሚያስታውስ የለም፤ ሞይራ ስትቀጠርም ነበረ። ቢሮው ስም አላወጣለትም፤ የመዝገብ ተዝካር ብንለው ያስኬዳል። በማለዳ ሳጥኑ ከማተሚያው አጠገብ ይቀመጣል፣ ማንም ምንም አይልም፣ እስከ አምስት ሰዓት ፍርፋሪው ብቻ ይቀራል። ሞይራ ስንቱን እንደበላች አታውቀውም። የሎሚውን ትወዳለች።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጀራልድ ደወለ። የኮምፒውተሩን ቻርጀር ረስቶ ሄዷል። ሞይራ ጠዋት ሶኬቱ ላይ አይታው በቦርሳዋ ይዛው ነበርና፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ልታቀብለው ተቀጣጠሩ። «ወይዘሮ ትሪንደርም አብረውኝ ይሆናሉ፤ ትወጃቸዋለሽ» አላት። ስልኩን ገና አስቀምጣ ሳትጨርስ ሎውዘር በበሩ ብቅ አለ። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ መንታ ልጆች አሉት፤ በሰው ላይ ሲጮህ ተሰምቶ አያውቅም።

«ሞይራ፣ ለነገ ምን ይሻላል? የሎሚ ኬክ ወይስ የካሮት?»

«የማን ነው?» አለች፤ እያወቀች።

«የትሪንደር። እስከ እኩለ ሌሊት ነፍሱ አትወጣም፤ ግን ዳቦ ቤቱ ከስምንት ሰዓት በኋላ ትእዛዝ አይቀበልም።»

ሞይራ ተነስታ ተከትላው ገባችና በሩን ዘጋችው። «ፍራንሲስ፣ የሴትየዋ ጠበቃ የእህቴ ባል ነው። ትናንት ያደረው እኔ ቤት ነው። ያወቅኩትም ዛሬ ጠዋት ነው» አለችው።

ሎውዘር እስክርቢቶውን አስቀመጠ። ሦስት ነገር ጠየቃት፤ ለጀራልድ አንዳች ነገር ነግራው እንደሆነ፣ እሱ ጠይቋት እንደሆነ፣ ቢሮው በዚህ ጉዳይ መኖሩን ያውቅ እንደሆነ። ለሦስቱም የለም አለች። ሰዓቱን አይቶ ወረቀት ላይ ጻፈው። «ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ» አለ፤ ከልቡ ነው። «ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ከፋይሉ ወጥተሻል። እስከ ነገ ጠዋት አታግኚው፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣቢያ ቀጥሬዋለሁ። ዕቃውን ረስቶ።»

«እንግዲያው ስጪውና ተመለሺ። ስለ ዝናቡ አውሩ። ስለ ዝናብ አንድ ሰዓት ማውራት የማይችል እንግሊዛዊ አለ እንዴ?»

«ሴትየዋ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ ማለት ነው።»

«አይቀሩም። ጠበቃ ሁሉ ለገዛ ስህተቱ ኢንሹራንስ አለው። ሌላ ጠበቃ ይይዙና እሱን ይከሱታል፤ የሱ ኢንሹራንስ ይከፍላል። ማንም ሜዳ ላይ አይወድቅም። ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም ሞይራ።»

ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ሎውዘር እንደሆነ ውሸት አያውቅም። ሞይራ የታያት ግን ሌላ ነው። የሰባ ስምንት ዓመት ሴት፣ በስልክ የሚያስቃቸውን አንዱን ሰው ለመክሰስ ሌላ ጠበቃ ቤት ይሄዳሉ፤ ሦስት ወይ አራት ዓመት ይጠብቃሉ፤ ዕድሜ ከሰጣቸው ነው ደግሞ። ጀራልድ በመስከረም ጡረታ ይወጣል። የግሪምስቢ ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ቤቱን በሱ ፊርማ ገዝቶ በሱ ፊርማ ሸጧል፤ ከእንግዲህ የሚያስታውሰው ሁለትና ሦስትን ያልለየ ጠበቃ ብሎ ነው። ይኼንን ሁሉ ለሎውዘር መናገር አማራት።

«ካሮት» አለች። ምን እንዳስባላት አታውቅም። ሎውዘር እሺ ብሎ ጻፈው።

ኪንግስ ክሮስ ውስጥ እንደ ሁልጊዜው ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የባቡሮቹን ሰሌዳ ያያል። ጀራልድና ወይዘሮ ትሪንደር ከአንድ ቡና መሸጫ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ወይዘሮዋ አጭር፣ አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት የለበሱ፣ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል ያቆሙ ሴት ናቸው፤ ጭናቸው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አለ፤ ውስጡ ግን ያለው በእንቁላል የተሠራ ሳንድዊች ነው። «እዚህ ስድስት ፓውንድ ከአርባ ነው የሚሉት፤ ለሁለት ቁራሽ ዳቦ! ልጄ ቁጭ በይ፣ ይኼን ብዪ» አሉ ሞይራን ገና ስማቸውን ሳይነግሯት። «የእናንተ የሎንዶን ሐኪም ደግሞ፣ ወዲያ ይሂዱ ወዲህ ይምጡ እያለ እንደሚገዛ ፈረስ ነው ያየኝ። ጥርሴን ብቻ ነው ያልቆጠረው።»

«የእኔ ሐኪም አይደለም» አለች ሞይራ እየሳቀች፤ ቻርጀሩን ለጀራልድ ሰጠችው፤ ስለ ዝናቡም አወሩ። ግሪምስቢ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ነገም ይዘንባል ተብሏል። ሎውዘር ቢያያት ይኮራባት ነበር። ባቡሩ ሊነሳ ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ሞይራ ሳንድዊቹን በግድ ትውጣለች፤ ሃያ አምስት ደቂቃ በዝናብ ከሞላች ነገሩ ያልቃል።

«ሚስተር ፎስዳይክ አንቺም የአውሮፕላን ጉዳይ ላይ ነው የምትሠሪው አሉኝ» አሉ ወይዘሮ ትሪንደር።

«እኛ ስለ ሥራ አናወራም» አለ ጀራልድ ፈገግ ብሎ፣ «ሳህን ያሳጥባል።»

«እናንተ ናችሁ የተማማላችሁት፤ እኔን ማንም አላስማለኝም» አሉ፤ ወደ ሞይራም ዞሩ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። እሳቸው አያስቸኩልም ይሉኛል። እነዚያም አይቸኩሉ እያሉ ይጽፉልኛል። እኔ በዕድሜዬ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ነገር ሲስማሙ አይቼ አላውቅም፤ ደስ አላለኝም። ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። እናትሽ ብሆን ኖሮ፣ ትጠብቂ ነበር?»

ጀራልድ ሊስቅ ጀምሮ ነበር። ሞይራ ሰሌዳውን አየች። ባቡሩ ወደ ዘጠነኛው መስመር ሊገባ ነው ይላል። «ጠበቃዎ ያውቃሉ» ማለት ይቻላል፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ሲጠየቅ የሚለው ይኸው ነው። አሮጊቷ ግን ዓይናቸውን ከሷ ላይ አልነቀሉም፤ ሠላሳ ዓመት የልጆችን ሳህን ሲያዩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የበላና ያልበላ ይለያሉ።

«እናቴ ቢሆኑ ክሱን ዛሬ አስከፍት ነበር» አለች ሞይራ። «ዛሬ። ባቡሩ ላይ ሳይወጡ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የጀራልድ ፈገግታ ትንሽ ቆየና ጠፋ። የትንሽ ከተማ ጠበቃ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። ለምን ብሎ አልጠየቃትም፤ ቢጠይቃት መመለስ እንዳለባት፣ ብትመልስ ደግሞ ምን እንደሚደርስባት ወዲያው ገብቶታል። ስልኩን አወጣ። ጣቱን እያንቀሳቀሰ ሲያነብ ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና አነበበው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ተነስቶ ቡና መሸጫው ግድግዳ ላይ ሶኬት ፈለገና፣ በሙሉ ልብሱ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቱ፣ ሰው ሻንጣ በሚጎትትበት ወለል ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ ከፈተ።

ክስ በኮምፒውተር ማስገባት ይቻላል፤ እስከ እኩለ ሌሊት። ቅጹ ግን ረጅም ነው። ጀራልድ ከወለሉ ላይ ሆኖ «አውሮፕላኑ ያረፈው በስንት ሰዓት ነበር?» ይላል፤ ወይዘሮ ትሪንደር ከአግዳሚው ሆነው «አራት ተኩል ላይ፣ እሱም ዘግይቶ!» ብለው ይመልሳሉ። አላፊው ሁሉ ያያቸዋል። የፍርድ ቤቱን ክፍያ ሲጠየቅ የቢሮውን ካርድ አልያዘም፤ የራሱን አወጣ። የሐኪሙን ማስረጃ በሚጠይቀው ቦታ «በኋላ ይቀርባል» ብሎ ጻፈ። ባቡሩ በሰዓቱ ሄደ፤ ለዚያ ባቡር ብቻ የተቆረጠው ትኬትም አብሮ ሄደ። «ሠላሳ ስምንት ፓውንዴ!» አሉ ወይዘሮ ትሪንደር፤ ቀጥለው ግን «ይሁን» አሉና የሳንድዊቹን ቆርቆሮ ከደኑ። ሞይራ ሁለት ጊዜ ልሂድ ብላ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። ለአሥራ ሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ የፍርድ ቤቱ ኮምፒውተር የመዝገብ ቁጥር ላከ።

«ገባ» አለ ጀራልድ። ለመነሳት ግድግዳውን መደገፍ ነበረበት። መጥቶ ከሞይራ ጎን ተቀመጠ። ከዚያ ዓይኗን ሳያይ «ጠዋት ታውቂ ነበር?» አላት።

«አውቅ ነበር።»

«ሳህን ሳጥብ።»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሊቆጣት እንደሚፈልግ፣ ሊያቅፋትም እንደሚፈልግ፣ ሁለቱንም እንዳልቻለ ታያት። «ራሴ አንብቤ ደረስኩበት እላለሁ» አለ በመጨረሻ። «እውነትም ነው፤ ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ያንቺ ስም የሚነሳበት ምክንያት የለም።»

«አትዋሽልኝ ጀራልድ። ነገ ጠዋት እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ሎውዘር እንደማይጮህ ታውቃለች። በጨዋ ቃል ያሰናብታታል፤ ከምሳ በፊት ሹራቧንና የሻይ ኩባያዋን በከረጢት ይዛ በአሳንሰሩ ትወርዳለች። በሃምሳ ስድስት ዓመቷ፣ የደንበኛ ምስጢር ያወጣች ተብላ፣ ማን እንደሚቀጥራት አታውቅም። ፈራች። አልቆጫትም ግን። ቢቆጫት ኖሮ ይሻላት እንደነበር ተሰማት፤ የሚቆጨው ሰው ቢያንስ ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ወይዘሮ ትሪንደር ይህን ሁሉ ምርኩዛቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ሰምተዋል። ጀራልድ ሌላ ትኬት ሊቆርጥ ተነስቶ ሲሄድ ጠበቁና «ቀኑ ዛሬ እንደሚያልቅ እነዚያ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ያውቁ ነበር?» አሉ።

«ያውቁ ነበር።»

«አይቸኩሉ ሲሉኝም?»

«ያን ጊዜም።»

«አንቺስ ልጄ?»

«የእኔ ሥራ እሱን ማወቅ ነው» አለች ሞይራ። «የሁሉንም ቀን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት።»

አሮጊቷ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀላት ነበር። ከቆርቆሮው የተረፈውን ሳንድዊች በወረቀት ጠቀለሉና ለመንገድሽ ብለው እጇ ላይ አስቀመጡላት። «ለእኔ የነገርሽኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጠበቃዬ ዘመድሽ ስለሆነ ነው።»

«አዎ።»

«ዘመድ የሌለውስ?»

ሞይራ የተጠቀለለውን ሳንድዊች ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። በነገው ቀን ሥር በቀይ የጻፈችው ሁለት ስም ነው፤ አንዱ የሊድስ ሰው ነው፣ አንዷ የካርዲፍ ሴት ናት። ሁለቱንም አታውቃቸውም።